በነፃ ተለቀቀ፤ ካሳውስ? ያላግባብ ለታሰረና በፖሊስ ለተጎዳ ሰው ሕጉ ምን ያህል ይደርስለታል

ከወራት ወይም ከዓመታት እስር በኋላ አንድ ሰው «በነፃ ተሰናበተ» ወይም «ክሱ ተቋረጠለት» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር «የባከነ ዕድሜውን ማን ይክሰዋል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አንዱ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ ለተገደለው ለጆርጅ ፍሎይድ ቤተሰብ በ2021 እ.ኤ.አ. ለመክፈል የተስማማውን 27 ሚሊዮን ዶላር አንስቶ ያወዳድራል። ሁለቱም መልሶች ብዙ አያስኬዱም። ሕጉ አለ፤ ከወጣም ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። በዚህ ሕግ የፖሊሱ ጥፋት እየከፋ በሄደ ቁጥር ገንዘብ ያለው ከፋይ ከክሱ እየራቀ ይሄዳል፤ የጠፋው ነገር በደረሰኝ የማይረጋገጥ እንደ ነፃነት ያለ ሲሆን ደግሞ የካሳው ልክ ከምንም ወደማይቆጠር መጠን ይወርዳል።

የሚምታቱት ሦስት ጉዳዮች

በተለምዶ «ያላግባብ መታሰር» የምንለው በሕግ ዓይን ሲታይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ሕገወጥ እስር ነው። ያለ በቂ ጥርጣሬ የተያዘ፣ ወይም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በተቀመጠው 48 ሰዓት ውስጥ (የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር) ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው እዚህ ይመደባል። በእኛ አገር ከሁሉም የማያከራክረው ግን ሌላ ዓይነት ነው፦ ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶ፣ ቤተሰብ ተበድሮም ቢሆን ገንዘቡን አስይዞ፣ የመፍቻ ትዕዛዙ ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ፖሊስ «አልለቅም» ሲል፤ ወይም ተፈቺው ከአንዱ ጣቢያ በር ሳይርቅ በሌላ ፖሊስ ተይዞ ወደ ሌላ ጣቢያ ሲወሰድ። ትዕዛዙን ባለማክበር የተጨመረችው እያንዳንዷ ሌሊት ሕጋዊ መሠረት የላትም። ለዚህ ብዙ ትንተና አያስፈልግም።

ሁለተኛው በሕጋዊ መንገድ ተጀምሮ በነፃ መሰናበት ወይም በክስ መቋረጥ ያበቃ እስር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድን ሰው ለመያዝ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ለመፍረድ ግን ከዚያ እጅግ የጠነከረ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ቂሊንጦ ተቀምጦ በነፃ የተሰናበተ ሰው፣ በእጁ ያለው ፍርድ ጥፋተኛ አለመባሉን እንጂ አያያዙ ሕገወጥ እንደነበር አያረጋግጥለትም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በነፃ ለተሰናበተ ሰው ካሳ ይከፈል የሚል ድንጋጌ የለውም። ክስ ሲቋረጥ ነገሩ ይብስ ይደበዝዛል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያነሳል እንጂ «ተሳስቼ ነበር» አይልም፤ ሰውየው ጥፋተኛም ንጹሕም ሳይባል ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይቅርታ ደግሞ ለተፈረደበት ሰው የሚሰጥ ስለሆነ፣ በይቅርታ የወጣ ሰው ካሳ ሲጠይቅ የመጀመሪያው እንቅፋት ያው ያልተሻረው ፍርድ ነው።

ሦስተኛው በመያዝ ጊዜ፣ በምርመራ ክፍል ወይም በሰልፍ ላይ በዱላና በጥይት የሚደርስ የአካል ጉዳት ነው። እስሩ ሕጋዊ መሆኑ ድብደባውን ሕጋዊ አያደርገውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን አያያዝ ይከለክላል፤ ክልከላው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ ሊነሳ እንደማይችል አንቀጽ 93 ይናገራል።

ከእነዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ሌላ ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 መሠረት የሚቀርበው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ታሳሪው ችሎት እንዲቀርብና እስሩ ሕገወጥ ከሆነ እንዲፈታ ያደርጋል። ገንዘብ ግን አያስገኝም። ካሳ የፈለገ ሰው ሌላ መዝገብ መክፈት አለበት።

«ንጉሥ አይከሰስ»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ለረጅም ዘመን እንደ ሕግ ሲሠራ የኖረ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አባባሉን ከሁለት ከፈለው። ለንጉሠ ነገሥቱ የነበረውን ከለላ በአንቀጽ 2138 እንደነበረ አቆየ፤ መንግሥትን ግን በአንቀጽ 2126 ሊከሰስ የሚችል አካል አደረገው።

መነሻው «ከውል ውጭ ኃላፊነት» የሚባለው ክፍል ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ከተጎጂው ጋር ምንም ስምምነት ያልነበረው ሰው በጥፋቱ ጉዳት ካደረሰ ይክሳል። በዚሁ ክፍል አንቀጽ 2038 በሰው አካል ላይ የሚደረግን ጥቃት፣ አንቀጽ 2040 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሌላውን ነፃነት መንካትን እንደ ጥፋት ይቆጥራሉ። በአንቀጽ 2040 ጊዜው አጭር መሆኑ ወይም በአካል ላይ ጉዳት አለመድረሱ ጥፋቱን አያስቀረውም። በወረቀት ላይ ይህ ብዙ አገሮች የሚመኙት ድንጋጌ ነው።

ታዲያ አንቀጽ 2138 የሚሸፍነው ንጉሠ ነገሥቱን ብቻ አልነበረም፤ ዳኞችም ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ተግባር እንዳይከሰሱ ይጠብቃል። ለዳኝነት ነፃነት ሲባል ይህ ትክክለኛ ጥበቃ ነው፤ ለታሳሪ ግን ያልታሰበ ውጤት አለው። በአገራችን አብዛኛው ረጅም የምርመራ እስር የሚራዘመው በጊዜ ቀጠሮ ነው። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ይላል፤ ችሎቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል፤ በቀጠሮው ቀን ያው ጥያቄ በሌላ ምክንያት ተመልሶ ይቀርባል። በኋላ የካሳ ክስ ሲመጣ ፖሊስ «ያሰርኩት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው» ይላል፤ ትዕዛዙን የሰጠው ዳኛ ደግሞ አይከሰስም። ማስረጃ ሳይኖር በተደጋጋሚ ቀጠሮ የተራዘመ እስር በዚህ መንገድ ባለቤት የሌለው ጥፋት ይሆናል። ከሳሹ ሊያሸንፍ የሚችልበት ቀዳዳ ፖሊስ ቀጠሮውን ያገኘው የሐሰት መረጃ ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ መሆኑን ማስረዳት ሲችል ነው። ያ መረጃ ግን ያለው በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ነው።

የሥራ ጥፋት ወይስ የግል ጥፋት?

የነገሩ ቁልፍ ያለው በአንቀጽ 2126 እና 2127 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰውን ከጎዳ ራሱ ይክሳል። ጥፋቱ «የሥራ ጥፋት» ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም ከፍሎ ሲያበቃ ሠራተኛውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ጥፋቱ «የግል ጥፋት» ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም።

መለያው የሠራተኛው ሐሳብ ነው። በቅን ልቦና፣ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት ከሆነ የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ካልሆነ የግል። በስም መመሳሰል የተሳሳተ ሰው ይዞ ሦስት ቀን ያሳደረ ፖሊስ የሥራ ጥፋት ሠርቷል፤ መንግሥት ይከፍላል። በግል ቂም ተነሳስቶ ጎረቤቱን አስሮ ያስደበደበ ፖሊስ የግል ጥፋት ሠርቷል፤ መንግሥት ነፃ ነው። እስከዚህ ድረስ ስሜት ይሰጣል።

የሚያስቸግረው በመሐል ያለው ነው። መርማሪ ተጠርጣሪውን ለማናዘዝ ቢገርፈው ጥፋቱ የማን ነው? የመንግሥት ጠበቃ እንዲህ ብሎ መከራከር ይችላል፦ «ሕገ መንግሥቱ ማሰቃየትን ከልክሏል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ያስቀጣል፤ ይህን እያወቀ የገረፈ ሰው በቅን ልቦና ሥራዬን እየሠራሁ ነው ሊል አይችልም፤ ስለዚህ የግል ጥፋቱ ነው።» ክርክሩ ከተሳካ ተጎጂው የሚከሰው ሰው በወር ደሞዙ የሚኖረውን መርማሪ ብቻ ይሆናል። ባለ ሁለት ዓመት ደሞዝ ካሳ ቢፈረድበት እንኳ ከምን ይከፍላል? ለቀላሉ ስህተት ግምጃ ቤቱ ይከፈታል፤ ለከባዱ ግፍ ይዘጋል።

ሕጉ ለተጎጂው ያስቀመጠለት አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዙ ጊዜም ተገልብጦ ይነበባል። አንቀጽ 2127 የመንግሥት ሠራተኛ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ሕጉ ለፖሊሱ ያደላ ይመስለዋል። በካሳ ክርክር ውስጥ ግን ግምቱ የሚጠቅመው ከሳሹን ነው፤ ምክንያቱም ቅን ልቦና ማለት የሥራ ጥፋት፣ የሥራ ጥፋት ማለት ደግሞ የመንግሥት ኪስ ማለት ነው። ፖሊሱ በክፉ ልቦና መሥራቱን የማስረዳት ሸክም ከኃላፊነት መውጣት በሚፈልገው መንግሥት ላይ ይወድቃል።

ከሳሹን የሚያጣብቀው ሌላ ነው። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም በገንዘብ ለማይተመነው ውርደትና ስቃይ፣ ካሳ ማግኛው አንዱ ዋና መንገድ (አንቀጽ 2106) ጉዳቱ ሆን ተብሎ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ነው። ስለዚህ «ሆን ብሎ በጭካኔ ደበደበኝ» ካለ የሕሊና ካሳ በሩ ይከፈትለትና የመንግሥት ኪስ ይርቀዋል፤ «ሥራውን ሲሠራ ተሳሳተ» ካለ መንግሥትን ያገኝና የሕሊና ካሳው ይሳሳበታል። ለዚህም ነው ፖሊሱንና መሥሪያ ቤቱን በአንድ መዝገብ አጣምሮ መክሰስና ክርክሩን በአማራጭ ማቅረብ የሚመከረው።

ሌላው አመለካከት ይህን መለያ ራሱን ያረጀ አድርጎ ያየዋል። በመንግሥት ሕንጻ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ አለቆች እያወቁ፣ ለምርመራ መዝገብ የእምነት ቃል ለማግኘት የተፈጸመ ድብደባ የአንድ ሰው የግል ጠባይ ሊባል አይችልም የሚለው ክርክር ከእኔ እይታ የተሻለው ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው፣ ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው ማሰቃየት በመንግሥት መፈጸሙን ተናግረዋል። በዚያው ዓመት የተዘጋው ማዕከላዊ የምርመራ ጣቢያ የአንድ ክፉ መርማሪ ታሪክ አልነበረም። መንግሥት ራሱ «ተፈጽሟል» ካለ በኋላ ለካሳ ሲጠየቅ «የግለሰቦች ጥፋት ነው» ቢል ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

በተግባር ብዙ መዝገብ እዚህ ደረጃም ሳይደርስ ይወድቃል። ተጎጂው የያዘው የፌዴራል ፖሊስ ይሁን የከተማ ወይም የክልል ካላወቀ፣ የተሳሳተውን መሥሪያ ቤት ይከስና «ክሱ እኔን አይመለከተኝም» በሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይሰናበታል። መደበኛ ባልሆነ ማቆያ ቦታ የቆየ ሰው ደግሞ የታሰረበት መዝገብ እንኳ አይኖርም፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲህ ያሉ ቦታዎች ጥቅም ላይ መዋላቸውን በተደጋጋሚ አሳውቋል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲከፍት ይፈቀድለታል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ጠበቃ ያለው ሰው ነው፤ ጠበቃ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደሃ አይደለም።

አንድ ሺህ ብር

ክሱ ቢሳካስ ስንት ይገኛል? አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ለወደፊት የሚቀንስ የመሥራት ችሎታ ይሰላል። የሞተ ሰው እንደሆነ ባለቤቱ፣ ወላጆቹና ልጆቹ መተዳደሪያ የመጠየቅ መብት በአንቀጽ 2095 አላቸው። ደሞዙ በፔሮል የሚታይ ሠራተኛ ይህን በቀላሉ ያስረዳል። ጀብሎ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ ግን ገቢውን የሚያሳይ ወረቀት ስለማይኖረው ዳኛው በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲቆርጥለት ይጠይቃል።

ለሕሊና ጉዳት ግን ግምትም ርትዕም የማያልፉት ጣሪያ አለ። አንቀጽ 2116 የሕሊና ካሳ በምንም ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ስለነበር ይህ ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ለዚያን ዘመን ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነው። ቁጥሩ ዛሬም ያው ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ከተፈቀደ በኋላ አንድ ሺህ ብር አሥር ዶላር እንኳ አይሞላም።

አርባ ቀን ያለ ሕግ የታሰረና ገቢ የሌለው ተማሪ እንውሰድ። የተሰበረ አጥንት የለም፣ የቀረ ደሞዝ የለም። ያጣው ነፃነቱን፣ እንቅልፉንና በጎረቤት ዘንድ የነበረውን ስም ነው፤ ሁሉም ከሕሊና ጉዳት ይመደባል። ጣሪያው ለአርባ ቀን ሲከፋፈል በቀን 25 ብር ይደርሰዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። በጀርመን ሕግ የተከሰሰበት ወንጀል ሳይረጋገጥ የቀረ ታሳሪ፣ እስሩ ሕጋዊ ቢሆንም፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቀረበት ገቢ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ቀን 75 ዩሮ ይከፈለዋል። የሁለቱ አገሮች አቅም አንድ ስላልሆነ ከመጠኑ ይልቅ ስልቱን ማየት ይበጃል፦ በዚያ የእስር ቀን ራሱ ዋጋ አለው፤ በእኛ ሕግ ዋጋ የሚያገኘው በእስሩ ምክንያት የቀረው ደሞዝ ነው።

በዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱን ስናነብ አንድ የማይመች ንጽጽር ይመጣል። አንቀጽ 40 መንግሥት የሰውን ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ስለ ነፃነት የሚደነግጉት አንቀጽ 17 እና 19 ግን ካሳ የሚል ቃል አልያዙም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚጠቅሰው የሕገ መንግሥት ድንጋጌ አለው፤ ያላግባብ የታሰረው የለውም።

በወንጀል በኩል ያለው መንገድ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ሕግን በመጣስ ሰውን የሚይዝ ወይም የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ተጎጂው በዚሁ የወንጀል ችሎት የካሳ ጥያቄውን አጣምሮ እንዲያቀርብ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 እና የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ይፈቅዱለታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ማስረጃ የሚያሰባስበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተጎጂው ሁለት ጊዜ አይከራከርም።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ክስ የሚጀመረው ዐቃቤ ሕግ ሲፈልግ ነው፤ ምርመራውን የሚያካሂደው ደግሞ ፖሊስ፣ አንዳንዴም የተከሳሹ ባልደረባ ነው። በሕዳር 2011 ዓ.ም. በሰብዓዊ መብት ጥሰት የተጠረጠሩ የደኅንነት ሠራተኞች መያዛቸው በይፋ ሲነገር፣ ይህ በር የሚከፈተው የፖለቲካ ነፋስ ሲለወጥ መሆኑም አብሮ ታየ። በእነዚያ ክሶች ዙሪያ ብዙ ስለ ቅጣት ተወርቷል፤ ስለ ካሳ ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ፖሊሱ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የካሳው ነገር አብሮ አይዘጋም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የካሳውን ክስ የሚያይ ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎቱ የነፃነት ውሳኔ አይገደድም። በወንጀል ጥርጣሬ የማያስገባ ማስረጃ ይፈለጋል፤ በፍትሐ ብሔር ሚዛን የደፋ ማስረጃ ይበቃል።

የተፈረመው ውልና ያልተጠቀሰው አንቀጽ

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ በሕገወጥ መንገድ የተያዘ ወይም የታሰረ ማንኛውም ሰው ሊያስፈጽመው የሚችል የካሳ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የፀረ ማሰቃየት ስምምነት በአንቀጽ 14 ለስቃይ ሰለባ ተገቢና በቂ ካሳ እንዲሁም ማገገሚያ ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የሕጓ አካል ያደርጋቸዋል።

ታዲያ ዳኛ ይህን ጠቅሶ መፍረድ ይችላል? አንዱ ወገን ስምምነቶቹ ሙሉ ጽሑፋቸው በነጋሪት ጋዜጣ ስላልወጣና ዝርዝር ሕግ ስለሌላቸው አይቻልም ይላል። ሌላው ወገን የሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃናት መብቶች ስምምነትን መሠረት አድርጎ መወሰኑን ያስታውሳል። ለሕፃን አስተዳደግ የተሠራበት መንገድ ለታሳሪ የማይሠራበት ምክንያት የለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን፣ በፍርድ ሊያልቁ የሚችሉ ሰብዓዊ መብቶች ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል።

የሕንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሕንድ ሕገ መንግሥትም ስለ ሕገወጥ እስር ካሳ የሚል ቃል የለውም። እንዲያውም ሕንድ ቃል ኪዳኑን ስትቀበል፣ በሕጓ እንዲህ ያለ የካሳ መብት አለመኖሩን ገልጻ አንቀጽ 9ን በሚመለከት አቋሟን አስመዝግባለች። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 እ.ኤ.አ.፣ በነፃ ከተሰናበተ በኋላ 14 ዓመት ሳይፈታ ለቆየ ሰው 35,000 ሩፒ ካሳ መንግሥት እንዲከፍል ወሰነ። ኢትዮጵያ በአንጻሩ አንቀጹን ያለ ምንም ገደብ ተቀብላለች። ዩጋንዳ ደግሞ ለዳኞች ትርጉም ሳትተወው በ1995ቱ ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 23 ላይ፣ ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ካሰረው አካል፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ካሳ ይገባዋል ብላ ጽፋዋለች።

ማን ቢከፍል ይሻላል?

መንግሥት ይክፈል በሚለው ሐሳብ ላይ የሚነሱት ሁለት ተቃውሞዎች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው የበጀት ነው፤ የጅምላ እስር በተደጋገመበት አገር እያንዳንዱ ታሳሪ ቢካስ ወጪው ከትምህርትና ከጤና የሚቀነስ ነው። ሁለተኛው የፖሊስ ሥራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስህተት ተጠያቂ ይሆናል የተባለ ፖሊስ ወንጀለኛ ሲያይ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ራሱን ይመታል። ወጪው የሚከብደው እስሩ ስለበዛ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ወጪው አልቀረም፤ የሚሸከሙት ስንቅ ሲያመላልሱ የከረሙት ቤተሰቦች ናቸው። ሁለተኛው ግን እውነት አለው። መፍትሔውም ፖሊሱ በቅን ልቦና ለሠራው ስህተት መንግሥት እንዲከፍል ማድረግ ነው፤ አንቀጽ 2126 ያሰበውም ይህንኑ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ጠባይ አይለውጥም። የደቡብ አፍሪካ የፖሊስ ሚኒስቴር ያላግባብ ለታሰሩና ለተደበደቡ ሰዎች በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ራንድ ይከፍላል፤ ሆኖም ክሱ አልቀነሰም። ገንዘቡ የሚወጣው ከማዕከላዊ በጀት ስለሆነ የጣቢያ አዛዡ አይሰማውም። በሚኒያፖሊስም የከፈለው ገዳዩ ፖሊስ ሳይሆን ከተማው ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ተጎጂውን መንግሥት ወዲያው ይክፈለው፣ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 2126 የተሰጠውን ፖሊሱን መልሶ የመጠየቅ መብት ይሥራበት የሚለው አካሄድ ይሻላል። ይህ ሁለተኛው እርምጃ በሕጉ ውስጥ አለ፤ አዲስ አዋጅ አይፈልግም።

የሽግግር ፍትሕ እና ይርጋ

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማውጣትን፣ ተጠያቂነትንና ማካካሻን በአንድ ላይ ይዟል። ማካካሻ ከካሳ ይሰፋል፦ ሕክምናን፣ ይፋዊ ይቅርታ መጠየቅንና ስምን ማደስን ይጨምራል። ለማዕከላዊና ለመሰል ቦታዎች ሰለባዎች በጥሩ ሁኔታ ቢተገበር ከፍርድ ቤት ክስ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያተኮረው በከባድና በሰፊው በተፈጸሙ ጥሰቶች ላይ ነው። ትናንት ዋስትና ተፈቅዶለት ጣቢያ ያደረው ሰው ጉዳይ ወደዚያ አይሄድም፤ እሱ የሚቀረው ያው የ1952ቱ ሕግ ነው።

ያ ሕግ ደግሞ ጊዜ ይቆጥራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ሦስት ዓመት በእስር የቆየ ሰው ሲፈታ በተያዘ ማግስት ለደረሰበት ድብደባ ጊዜው አልፎ ሊያገኘው ይችላል። ጉዳቱ የወንጀል ድርጊት ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ የካሳውም ጊዜ አብሮ ይረዝማል፤ በአንቀጽ 423 ወይም 424 የሚያስቀጣ ድርጊት መፈጸሙን ያስረዳ ከሳሽ በዚህ መጠቀም ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀልን፣ ማሰቃየትን ጨምሮ፣ ከይርጋ ነፃ ስላደረገ ካሳውም አይታገድም የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል። አንድ የጣቢያ ድብደባ እዚያ ደረጃ ይደርሳል ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው።

በሐምሌ 2015 ታውጆ እስከ 2016 ክረምት መግቢያ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያበቃ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ታሳሪዎች ከሳሽ ለመሆን ከፈለጉ፣ አያያዛቸውን አዋጁ ራሱ ፈቅዶ ሊሆን ስለሚችል ዋናው መነሻቸው ድብደባውና አዋጁ ካበቃ በኋላ የተጨመረው እስር ነው። ወንጀል መሆኑን ማስረዳት ለማይችሉት ተራው ይርጋ ከ2018 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ብዙም አያልፍም።